ፖሊስ የሌለው ሕግ፦ መንግሥታት ዓለም አቀፍ ሕግን እንዴት ያወጣሉ? ለምንስ ይገዙለታል?

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በሔግ ከተማ ከሚገኙ ፍርድ ቤቶች የሚወጡ ውሳኔዎች ከዜና ርዕስነት አልወረዱም። በማርች 2022 ሩሲያ በዩክሬን የጀመረችውን ወታደራዊ ዘመቻ እንድታቆም ትእዛዝ ተሰጠ፤ በማርች 2023 በሩሲያው ፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲን ላይ፣ በኖቬምበር 2024 ደግሞ በእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ኔታንያሁ ላይ የእስር ማዘዣ ወጣ። ትእዛዙ ዘመቻውን አላስቆመም፤ ማዘዣዎቹም መሪዎቹን ወዲያው ሔግ አላቀረቡም። በዚህም የተነሳ በሕዝብ ዘንድ ሁለት ዓይነት አነጋገር ጎን ለጎን ይሰማል። አንዱ «ዓለም አቀፍ ሕግ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ጉልበት ብቻ ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ፍርድ ቤቱ ከወሰነ በኋላ ለምን አይፈጸምም?» እያለ ያማርራል። ሁለቱ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ዓለም አቀፍ ሕግን በአገር ውስጥ ሕግ መስፈሪያ ይሰፍሩታል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ መንግሥታት ለሕጉ የሚገዙበት ምክንያት በአብዛኛው የሚገኘው ሕጉ በሚወጣበት መንገድ ውስጥ ነው የሚል ነው። ስለዚህ «ማን ያስፈጽመዋል?» ከማለት በፊት «ማን አወጣው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ የሔግ ፍርድ ቤቶች

አስቀድሞ አንድ የተለመደ መደበላለቅ ማጥራት ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ1945 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር፣ ማለትም በድርጅቱ መመሥረቻ ሰነድ፣ የተቋቋመ ሲሆን በክርክር የሚዳኘው መንግሥታትን ብቻ ነው፤ ግለሰብ አይከስም፣ አያስርም። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ግን በ1998 በሮም በጸደቀ ስምምነት ተመሥርቶ በ2002 ወደ ሥራ የገባ፣ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውጪ የቆመ ተቋም ነው፤ ተከሳሾቹም በዘር ማጥፋት፣ በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል፣ በጦር ወንጀልና በወረራ ወንጀል የሚጠረጠሩ ግለሰቦች ናቸው። ከላይ የተጠቀሰው የ2022 ትእዛዝ የመጀመሪያው፣ የእስር ማዘዣዎቹ ደግሞ የሁለተኛው ፍርድ ቤት ናቸው።

የፍትሕ ፍርድ ቤቱ ፈቃዱን ያልሰጠ መንግሥትን አይዳኝም። ፈቃዱ ግን ጠቡ ከመነሳቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በሌላ ስምምነት ውስጥ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ዩክሬን ሩሲያን፣ ደቡብ አፍሪካም እስራኤልን መክሰስ የቻሉት አራቱም አገሮች የ1948ቱን የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነት ስለተቀበሉ፣ ስምምነቱም በአንቀጽ 9 ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን ስለሚሰጥ ነው። ክሶቹ ስለ ጦርነቱ ሕጋዊነት በጠቅላላው ከመከራከር ይልቅ በዘር ማጥፋት ስምምነቱ ዙሪያ መጠንጠናቸው ለብዙ ሰው ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱ በከፊል ይኸው ነው። ሌላ የሚገባበት በር አልነበረም።

ምክር ቤት ሳይኖር ሕግ ሲወጣ

ለመንግሥታት ሁሉ ሕግ የሚያወጣ ፓርላማ የለም። 193 አባል አገሮች ያሉት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ብዙዎች እንደሚያስቡት ሕግ አውጪ አይደለም፤ ከድርጅቱ በጀትና ከውስጥ አሠራሩ ውጪ የሚያሳልፋቸው ውሳኔዎች በራሳቸው አያስገድዱም። የሚያስገድድ ውሳኔ ማሳለፍ የሚችለው 15 አባላት ያሉት የጸጥታው ምክር ቤት ነው፤ እርሱም ቢሆን በአምስቱ ቋሚ አባላት ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት የታጠረ ነው።

ታዲያ ሕጉ ከየት ይመጣል? የፍትሕ ፍርድ ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ በአንቀጽ 38 ምንጮቹን ይዘረዝራል፦ በመንግሥታት መካከል የሚደረጉ ስምምነቶች፣ ዓለም አቀፍ ልማድ፣ እንዲሁም በአገሮች የሕግ ሥርዓት ተቀባይነት ያገኙ ጠቅላላ መርሆዎች ናቸው። የፍርድ ውሳኔዎችና የታወቁ የሕግ ሊቃውንት ጽሑፎች የሚያገለግሉት ሕጉን ለማወቅ በረዳትነት ነው።

ስምምነት በአንድ ፊርማ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ተደራዳሪዎች ቃላቱን ከወሰኑ በኋላ መንግሥታት ይፈርማሉ፤ ፊርማው በአብዛኛው የሐሳብ መግለጫ እንጂ ሙሉ ግዴታ አይደለም። ግዴታው የሚጸናው እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓት መሠረት ሰነዱን ሲያጸድቀውና በስምምነቱ የተወሰነው የአጽዳቂዎች ቁጥር ሲሟላ ነው። አንዳንድ አገር «ይህ አንቀጽ በእኔ ላይ አይጸናም» የሚል መግለጫ አያይዞ ይገባል፤ ይህ ተአቅቦ ይባላል፤ የስምምነቱን ዓላማ እስካላፈረሰና ስምምነቱ ራሱ እስካልከለከለው ድረስም የተፈቀደ ነው።

የባሕር ሕግ ስምምነት የዚህን መንገድ ርዝመት በደንብ ያሳያል። ድርድሩ በ1973 ተጀምሮ ጽሑፉ በ1982 ጃማይካ ውስጥ ለፊርማ ቀረበ። የባሕር በር የሌላቸው አገሮች መተላለፊያ፣ ጠረፍ ያላቸው ዓሣና ነዳጅ፣ ባሕር ኃይል ያላቸው ደግሞ በጠባብ መተላለፊያዎች በነፃነት ማለፍን ይሹ ነበር፤ ሁሉም አንድ ነገር ሰጥቶ ሌላ ነገር እንዲያገኝ ጉዳዮቹ በአንድ ጥቅል ታሰሩ። በዚህ መልኩ 12 ኖቲካል ማይል የግዛት ባሕርና 200 ኖቲካል ማይል የሚደርስ ልዩ የኢኮኖሚ ክልል ተወሰነ። ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው ግን ከ12 ዓመታት በኋላ፣ በ1994 ነው፤ ያውም በጥልቅ ባሕር ወለል ማዕድን ላይ የተቀመጠውን ክፍል በኢንዱስትሪ የበለጸጉት አገሮች ስለተቃወሙት በተጨማሪ ስምምነት ከተሻሻለ በኋላ ነው። አሜሪካ እስካሁን አላጸደቀችውም፤ ነገር ግን አብዛኛውን ድንጋጌ እንደ ልማዳዊ ሕግ ቆጥራ እንደምትቀበል ታስታውቃለች። ይህ ወደ ሁለተኛው፣ ለመረዳትም ወደሚከብደው ምንጭ ይወስደናል።

ሳይጻፍ የሚያስገድድ ልማድ

በ1898 አሜሪካና ስፔን ጦርነት ሲገጥሙ ፓኬቴ ሀባናና ሎላ የተባሉ ሁለት የኩባ ዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ከባሕር ሲመለሱ በአሜሪካ የጦር መርከቦች ተያዙ። አንደኛዋ ሦስት፣ ሌላዋ ስድስት ሠራተኞች ይዘው ነበር። ጭነታቸው ዓሣ ነው፤ መሣሪያ አልያዙም፤ ጦርነት መነሳቱንም የሰሙት በጦር መርከቦቹ ሲቆሙ ነበር። ጀልባዎቹ ፍሎሪዳ ውስጥ ኪ ዌስት ተወስደው በሐራጅ ተሸጡ፤ ፓኬቴ ሀባና 490 ዶላር፣ ሎላ 800 ዶላር አወጡ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ። የጠላት አገር ዓሣ አጥማጆችን ጀልባ መማረክ የሚከለክል ሁለቱን አገሮች የሚያስር ስምምነትም ሆነ የአሜሪካ አዋጅ አልነበረም። ዳኞቹ ግን የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በ1403 ለባሕር ኃይል አዛዦቹ ከሰጠው ትእዛዝ ተነስተው የመንግሥታትን አድራጎት ዘመን በዘመን ተከታትለው መረመሩ። መጀመሪያ በቸርነት የተደረገው ነገር በጊዜ ብዛት ወደ ግዴታ ተለውጧል ሲሉም ደመደሙ፤ በ1900 የሽያጩ ገንዘብ ከካሳ ጋር ለባለቤቶቹ እንዲመለስ ፈረዱ።

የልማዳዊ ሕግ ሁለት ምሰሶዎች እዚህ ላይ ይታያሉ። አንደኛው የመንግሥታት ተከታታይና ሰፊ አድራጎት ነው። ሁለተኛው በላቲን «ኦፒኒዮ ጁሪስ» የሚባለው፣ ያንን አድራጎት የሚፈጽሙት ሕግ ስለሚያስገድዳቸው ነው የሚለው እምነት ነው። የፍትሕ ፍርድ ቤቱ በ1969 ምዕራብ ጀርመን ከዴንማርክና ከኔዘርላንድስ ጋር በሰሜን ባሕር ወለል ላይ ባደረገችው ክርክር እንዳስረዳው፣ በመንግሥታት መካከል ሳይቋረጥ የሚፈጸም ብዙ የአቀባበልና የክብር ሥርዓት አለ፤ ይሁን እንጂ የሚፈጸመው በጨዋነት ስለሆነ ሕግ አይሆንም።

የልማዳዊ ሕግ አስቸጋሪ ጠባይ አዲሱ ሕግ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው አሮጌው በማይደግፈው አድራጎት መሆኑ ነው። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በሴፕቴምበር 1945 ከአሜሪካ ጠረፍ ቀጥሎ ባለው የባሕር ወለል ውስጥ የሚገኘው ሀብት የአሜሪካ ነው ብለው ሲያውጁ ይህን በግልጽ የሚፈቅድ ሕግ አልነበረም። ይሁንና ብዙም የተቃወመ አልተገኘም፤ ሌሎች አገሮች ተመሳሳይ አዋጅ አወጡ፤ በ1958 ጉዳዩ በጄኔቫ ስምምነት ተጻፈ፤ በ1969 ደግሞ ፍርድ ቤቱ መብቱን ለጠረፍ አገሮች በተፈጥሮ የሚገባ አድርጎ ተናገረ። ከ24 ዓመታት ባነሰ ጊዜ የአንድ አገር አዋጅ የሁሉም ሕግ ሆነ ማለት ነው።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች ውጤት የማያመጣ የሚመስል የተቃውሞ ደብዳቤ ሳይታክቱ የሚጽፉት ለዚህ ነው፤ ዝምታ እንደ መቀበል ሊቆጠር ይችላል። አንድ ልማድ ሲፈጠር ጀምሮ በጽናት የተቃወመ አገር በመርህ ደረጃ አይታሰርበትም። በዚህ ላይ የሚሰነዘረው ትችት ቀላል አይደለም። ባሕር ኃይል ያለው፣ በየስፍራው ወኪል ያስቀመጠና ሰነዱን የሚያሳትም አገር የሚፈጥረው ልማድ ጎልቶ ይታያል፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ነፃነታቸውን ያገኙ አገሮች ደግሞ ሳይጠየቁ የተሠራ ሕግ ውስጥ ገቡ። እነዚህ አገሮች ከልማድ ይልቅ ቁጥራቸው ዋጋ በሚያገኝበት በስምምነት ድርድር ላይ ማተኮራቸው፣ በባሕር ሕጉ ላይም ያን ያህል መታገላቸው፣ ከዚህ አንጻር ሲታይ ትክክለኛ ስሌት ነበር።

ከሁለቱም በላይ የሚቀመጡ ጥቂት ክልከላዎች አሉ። «ጁስ ኮገንስ» ተብለው የሚታወቁት እነዚህ ሕጎች፣ ለምሳሌ ዘር ማጥፋትን፣ ባርነትንና ማሠቃየትን የሚከለክሉት፣ በየትኛውም ስምምነት ሊሻሩ አይችሉም።

ለምን ይገዙለታል?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው የሕግ ፈላስፋ ጆን ኦስቲን ሕግ ማለት በቅጣት ማስፈራሪያ የታጀበ የበላይ ትእዛዝ ነው አለ፤ ከመንግሥታት በላይ አዛዥ ስለሌለም ዓለም አቀፍ ሕግን ከሕግ ተራ አውጥቶ ከግብረ ገብ መደበው። በዓለም አቀፍ ግንኙነት ጥናት ተጨባጭነትን እናስቀድማለን የሚሉ ምሁራን ደግሞ መንግሥታት ሕግን የሚያከብሩት ከጥቅማቸው ጋር ሲገጥም ብቻ ነው ይላሉ። የኋለኛው አስተያየት ብዙ እውነት አለው። ድክመቱ ጥቅምን ከሕጉ ውጪ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር አድርጎ ማየቱ ነው፤ መንግሥታት ሕጉን ሲያወጡ ጥቅማቸውን አስገብተው ነው የሚያወጡት። በድርድር ጠረጴዛ ላይ የማይችሉትን ግዴታ ያስወግዳሉ፤ ማስወገድ ያቃታቸውን በተአቅቦ ይተዋሉ፤ ያም ካልሆነ ሳያጸድቁ ይቀራሉ። የተረፈው ግዴታ ሲከበር መታየቱ ብዙ ሊያስደንቅ አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት አጸፋ ነው። ወደ ሌላ አገር አምባሳደር የላከ መንግሥት ሁሉ የሌላ አገር አምባሳደርም ተቀብሏል፤ ስለዚህ የ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት በጦርነት መካከል እንኳ በአብዛኛው ይከበራል። በኤፕሪል 2024 የኢኳዶር ፖሊሶች ጥገኝነት የተሰጣቸውን የቀድሞ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመያዝ ኪቶ የሚገኘውን የሜክሲኮ ኤምባሲ ጥሰው ሲገቡ ሜክሲኮ ወዲያው ግንኙነቷን አቋረጠች፤ የአሜሪካ አህጉር አገሮችም የፖለቲካ ዝንባሌያቸው ሳይለያያቸው ድርጊቱን አወገዙ። ኢኳዶርን የሚወዱትም የሚጠሉትም ኤምባሲ አላቸው። በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነትና በ1874 የተጀመረው የፖስታ ኅብረትም የቆሙት በዚሁ ላይ ነው። ስለነዚህ ሕጎች ዜና የማይሰማው በየቀኑ ስለሚከበሩ ነው።

አጸፋው በገንዘብ የሚተመንበት አጋጣሚም አለ። ብራዚል በዓለም ንግድ ድርጅት የአሜሪካን የጥጥ ድጎማ ከሳ ረታች። ድርጅቱ የሚልከው ፖሊስ የለውም፤ ማድረግ የሚችለው ብራዚል በአሜሪካ ሸቀጦችና በአእምሯዊ ንብረት መብቶች ላይ አጸፋ እንድትወስድ መፍቀድ ብቻ ነበር። አሜሪካ አጸፋውን ለማስቀረት ከ2010 ጀምሮ በዓመት 147.3 ሚሊዮን ዶላር ለብራዚል ጥጥ አምራቾች መርጃ ለመክፈል ተስማማች፤ በ2014 በ300 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ጉዳዩ ተዘጋ። የራሷን ገበሬዎች ድጎማ ከመንካት ይልቅ የሌላ አገር ገበሬዎችን መደጎም መምረጧ ፈገግ ያሰኛል፤ ሕጉ ዋጋ እንዳስከፈላት ግን አያጠራጥርም።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ግዛትን ማስረከብ ነው። ናይጄሪያና ካሜሩን በነዳጅና በዓሣ ሀብት በምትታወቀው የባካሲ ባሕረ ገብ መሬት የተነሳ እስከ መታኮስ ደርሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2002 በዋናነት በ1913 በብሪታንያና በጀርመን መካከል በተደረገ ስምምነት ላይ ተመሥርቶ ባካሲ የካሜሩን ናት ብሎ ወሰነ። ናይጄሪያ በሕዝብም በሠራዊትም ትበልጣለች፤ በስፍራው የሚኖሩት በአብዛኛው ናይጄሪያውያን ነበሩ፤ ውሳኔውም በመጀመሪያ በአገሪቱ ከፍተኛ ቁጣ ቀስቅሷል። ሆኖም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን ሁለቱን መሪዎች አገናኝተው አንድ የጋራ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በጁን 2006 አሜሪካ ውስጥ ግሪንትሪ በተባለ ስፍራ የመውጫ ስምምነት ተፈረመ፤ የናይጄሪያ ጦር በኦገስት 2006 ለቀቀ፤ ርክክቡም በኦገስት 2008 ተጠናቀቀ። ስድስት ዓመት ያህል ፈጅቷል። ያለ ፖሊስ ይህ እንዴት ሆነ ቢባል፣ ናይጄሪያ ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን አስቀድማ ፈቃዷን መስጠቷ፣ ድንበሮቿ ሁሉ በቅኝ ግዛት ዘመን ስምምነቶች ላይ የቆሙ መሆናቸው፣ በአፍሪካ የሰላም አስከባሪነት ስሟ፣ እንዲሁም ከመሸነፍ ይልቅ መስማማት የሚመስል የአፈጻጸም መንገድ ማግኘቷ አንድ ላይ ሠርተዋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

የጣሰው መንግሥት ለምን ይከራከራል?

ሩሲያ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ዘመቻዋን ስትጀምር የቻርተሩን አንቀጽ 51፣ ማለትም ራስን የመከላከል መብት የሚደነግገውን፣ ጠቅሳ ለድርጅቱ አሳውቃለች። ብዙዎች ይህን ከማላገጥ ቆጠሩት። ነገሩን በሌላ መልክ ማየት ግን ይቻላል። የፍትሕ ፍርድ ቤቱ በ1986 ኒካራጓ አሜሪካን በከሰሰችበት መዝገብ እንዳለው፣ ሕግን የሚጥስ የሚመስል አድራጎት የፈጸመ መንግሥት በዚያው ሕግ ውስጥ ያለ ልዩ ሁኔታ ጠቅሶ ራሱን ቢከላከል፣ ምክንያቱ እውነት ሆነም አልሆነ፣ ሕጉን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም። እዚህ ላይ የማይስማሙ አሉ፤ ለማንኛውም ድርጊት ሕጋዊ ልብስ ማግኘት ከተቻለ ሕጉ ምን ከለከለ? ይላሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የእኔ ግምት ግን ሰበብ የመፈለግ ግዴታ ራሱ ጥቂት የማይባል ልጓም ነው የሚል ነው፤ ሰበቡ በ193 አገሮች ፊት ይመዘናል፣ ነገም በጠቃሹ ላይ ይጠቀሳል። ይልቅ የሚያሰጋው ኃያላን መንግሥታት ሰበብ ማቅረብ እንኳ አያስፈልገንም የሚሉበት ቀን ነው።

ሕጉ የሚላላበት ስፍራ

አጸፋ በማይኖርበት ሕጉ ይሳሳል። አንድ መንግሥት የገዛ ዜጎቹን ሲያሠቃይ ሌላው መንግሥት በአጸፋው የራሱን ዜጎች አያሠቃይም፤ የሰብአዊ መብት ስምምነቶች ከኤምባሲ ሕግ ይልቅ ደጋግመው የሚጣሱት በአብዛኛው ለዚህ ነው። ኃይል የመጠቀም ክልከላም የሚጣሰው ጥሰቱ ብዙ ትርፍ በሚያስገኝበትና ጣሹ ብቸኛውን አስገዳጅ አካል ማሰር በሚችልበት ጊዜ ነው። በ1986ቱ የኒካራጓ ፍርድ አሜሪካ ተረታች፤ ኒካራጓ በቻርተሩ አንቀጽ 94 መሠረት አፈጻጸሙን ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ስትወስደው አሜሪካ በድምፅ ሻረችው። ቻይናም በ2016 በደቡብ ቻይና ባሕር ጉዳይ የተሰጠውን የግልግል ፍርድ አልቀበልም ብላለች። ለኃያላን የተለየ ሕግ አለ የሚለው ቅሬታ መሠረት አለው፤ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት በራሱ በቻርተሩ ውስጥ ተጽፎ የሚገኝ እኩል ያልሆነ ሥርዓት ነውና።

የመውጣት ዘመን

አሁን በግልጽ የሚታየው ዝንባሌ ስምምነትን ከመጣስ ይልቅ ከስምምነት መውጣት ነው። በ2025 ሊትዌኒያ፣ ላትቪያ፣ ኢስቶኒያ፣ ፊንላንድና ፖላንድ የሩሲያን ስጋት ጠቅሰው ፀረ ሰው ፈንጂን ከሚከለክለው የ1997ቱ የኦታዋ ስምምነት ለመውጣት ወሰኑ። ሕጉን ተከትለው ነው የወጡት፤ ስምምነቱ የስድስት ወር ማስታወቂያ ይጠይቃል፤ ስድስቱ ወር ሲያበቃ በጦርነት ላይ የሚገኝ አገር ደግሞ ጦርነቱ እስኪያልቅ መውጣቱ አይጸናለትም። ለፈንጂ ክልከላ ተሟጋቾች ይህ የሕጉ መፍረስ ነው፤ ለአገሮቹ ደግሞ በሕጉ የተሰጠን በር መጠቀም ነው። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ስምምነቱ ያለ መውጫ በር ቢዘጋጅ ኖሮ ምን ያህሉ አገር መጀመሪያውኑ ይገባ እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል።

የዓለም ንግድ ድርጅት የይግባኝ አካል አሜሪካ የዳኞችን ሹመት በመከልከሏ ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ ሥራ አቁሟል። እዚያ ደግሞ ማንም ሳይወጣ ተቋሙ ቆሟል፤ ተረቺው ወገን ይግባኝ ብሎ ውሳኔውን ማንጠልጠል ይችላል።

የወንጀል ፍርድ ቤቱም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞታል። ቡሩንዲ በ2017፣ ፊሊፒንስ በ2019 ወጥተዋል፤ በ2025 ሃንጋሪ፣ ከዚያም ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር እንደሚወጡ አስታወቁ። ሦስቱ የሳህል አገሮች ውሳኔያቸው ወዲያውኑ የሚጸና መሆኑን ገልጸዋል፤ የሮም ስምምነት አንቀጽ 127 ግን መውጣት የሚጸናው ማስታወቂያው ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ከደረሰ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፣ በአባልነት ዘመን የተፈጠረ ግዴታም በመውጣት አይሰረዝም ይላል። የቀድሞው የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ በማርች 2025 ማኒላ ላይ ተይዘው ወደ ሔግ የተላኩት አገራቸው ከፍርድ ቤቱ ከወጣች ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነበር፤ የተጠረጠሩበት ድርጊት አገሪቱ አባል በነበረችበት ጊዜ የተፈጸመ ነው፤ አሳልፎ የሰጣቸውም የገዛ አገራቸው መንግሥት ነው።